የኮረብታው ሰፈር አምስት መቶ ካሬ

ጥቅምት 9 ቀን

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔም እናቴም ደህና ነን። ስልክ ባለማንሳትዎ አልተቀየምኩም። «በስልክ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን ከራሴ እሞላለሁ፤ የምትፈልጊውን ጽፈሽ ላኪ» ብለው የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። ልክ ነዎት። ለጠበቃም ወረቀት ይሻላታል።

ጉዳዩን በሦስት መስመር ጻፊ ብለዋል። እሞክራለሁ።

እናቴና ሃያ ሦስት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ባልደረቦቿ በማኅበር ተደራጅተው፣ ድሮ አንሶላ ያሰጡበት የነበረውን ሜዳ ከሆስፒታሉ ገዙ። ሁለት ሺህ ካሬ ነው፣ ኮረብታው ሰፈር ጫፍ ላይ። ለሃያ አራት ቤተሰብ የሚሆን ባለ አራት ፎቅ ቤት ለመሥራት ፈቃድ ሲጠይቁ ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ መመሪያ አወጣ፤ «በኮረብታው ሰፈር ለአንድ ቤተሰብ ከአምስት መቶ ካሬ ያነሰ መሬት አይፈቀድም» ይላል። በዚህ ሒሳብ ሜዳው ላይ የሚኖረው አራት ቤተሰብ ብቻ ነው። ሃያው ይውጣ ማለት ነው። የግዢው ውል ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ግንባታ ካልተጀመረ መሬቱ ይመለሳል ይላል። ሦስቱ ዓመት መጋቢት 30 ቀን ይሞላል።

ሦስቱ መስመር አልበቃኝም። ይቅርታ።

ማዘጋጃ ቤቱን ከስሰናል። የሰፈሩ ባለቤቶችም ከማዘጋጃ ቤቱ ጎን ሆነው ጣልቃ ገብተዋል። ሰብሳቢያቸው ጡረታ የወጣ ጥርስ ሐኪም ነው። ሲናገር አሁንም «ሰፋ አድርገሽ ክፈቺ» የሚል ይመስላል።

እርስዎን የምፈልገው ለዚህ ነው። የመመሪያው መግቢያ «የሰፈሩ ነባር ይዞታዎች በሙሉ ከአምስት መቶ ካሬ የማያንሱ በመሆናቸው፣ ይህንኑ ገጽታ ለመጠበቅ» ይላል። መመሪያው የቆመው በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። የሰፈሩን ስልሳ ሁለት ቦታዎች ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት የቀየሰው ሰው ፊርማ ካርታው ላይ አለ። የእርስዎ ነው። ከስልሳ ሁለቱ አንድ እንኳ ያነሰ አለ?

ተስፋ ቆርጬ አይደለም የምጠይቅዎት። ከተማዋ ራሷ ባወጣችው ደንብ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች መኖሪያ የማመቻቸት ግዴታ አለባት። እሱን ብቻ ይዤም እገጥማቸዋለሁ። ሁለተኛ ክርክር ቢኖረኝ ግን አልጠላም።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 17 ቀን

ለጠበቃዋ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ስልሳ ሁለቱም ቦታዎች በካርታው ላይ አምስት መቶ ካሬ ናቸው። ሃያ በሃያ አምስት። በካርታው ላይ አንድም ያነሰ የለም። ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ፊርማውም የእኔ ነው። በካርታው ላይ ስህተት አታገኚም፣ በከንቱ አትድከሚ። የከተማዋን ደንብ ይዘሽ ተከራከሪ፣ እሱ ጥሩ ነው።

የቀያሽነት ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ናቸው፣ ስለዚህ አሳጥሬአለሁ።

እናትሽ የተከራየችውን ቤት ባለቤቱ ሊያፈርሰው ነው ብላኝ ነበር። ምን ደረሰ?

አጎትሽ


ጥቅምት 24 ቀን

ጋሼ፣

ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ። እናቴ ሰላም ብላለች። ሥራ በዝቶባታል፣ ሆስፒታሉ ሁለት ማጠቢያ ማሽን ተበላሽቶበት በእጅ እያጠቡ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝ። ደብዳቤዎ አንድ ገጽ አይሞላም። በዚያች ላይ «በካርታው ላይ» የሚል ሦስት ጊዜ አለ። እኔ የጠየቅኩት ስለ መሬቱ ነበር። ሰው ስለ መሬት ተጠይቆ ስለ ወረቀት ከመለሰ ጠበቃ ወንበሯን ጠጋ ታደርጋለች።

በልጅነቴ ቤታችን ሲመጡ የእናቴን ጠረጴዛ አይተው «ይሄኛው እግር በአራት ሚሊ ያጥራል» ያሉ ሰው ነዎት። ወረቀት አስገባንበት፣ መንገዳገዱን ተወ። ተማሪዎችዎ ሚሊሜትር ብለው የሚጠሩዎት በከንቱ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው «በካርታው ላይ» ሲል ቃሉን መርጦ ነው።

መሬቱ ላይስ ስንት ነው?

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 19 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሳልመልስልሽ አንድ ወር ሊሞላ ነው። ከዚያ በኋላ ደጋግመሽ የላክሻቸውንም ደብዳቤዎች አግኝቻለሁ። ታመዋል ወይ ላልሽው፣ አልታመምኩም። ፈተና እያረምኩ ነበር። ፈተናው በአራት ቀን አለቀ። የቀረው ፍርሃት ነው።

መሬቱ ላይ አሥራ ዘጠኝ በሃያ አራት ነው። አራት መቶ ሃምሳ ስድስት ካሬ። ስልሳ ሁለቱም።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍልሽ። ያኔ የነበረን አንድ የብረት ሜትር ነው፣ ሃምሳ ሜትር የሚዘረጋ። የጭነት መኪና ሄደበትና የመጀመሪያዋ ሜትር ተቆርጣ ቀረች። አዲስ ብንጠይቅ ዕቃ ግምጃ ቤቱ «በሚቀጥለው በጀት» አለን። ሥራ አይቆምም፣ ጫፉን አንድ ቁጥር ላይ ይዘን ቀጠልን። እንግዲህ ሃያ ሜትር ለማግኘት ችካሉን ሃያ አንድ ላይ መምታት ነው። እንዳይረሳ ልማድ አወጣን፤ የተቆረጠውን ጫፍ የያዘው ሰው በያንዳንዱ ልኬት «አንድ ጨምር!» ብሎ ይጮኻል። ያን ጫፍ የሚይዘው ባልደረባዬ ድምፁ ሦስት መንገድ ያቋርጣል፤ ጯሂው እንለው ነበር። ሁለት ሰፈር እንዲህ ቀየስን። ስንዝር አልተሳሳትንም።

ኮረብታው ሰፈርን የጀመርን ዕለት ጯሂውን ወደ ውሃ ክፍል አዛወሩት። የተተካው ሰው ሥራ አዋቂ ነው፣ ግን በቀን ሁለት ቃል ብቻ የሚናገር ዓይነት። ስለ ልማዱ አልነገርኩትም። የነገርኩት መስሎኝ ነበር። እሱ ጫፉን አንድ ላይ ይዞ ዝም ይላል፣ እኔ ሃያ ላይ ችካል እመታለሁ። ጆሮዬ ጩኸቱን ለምዶ ስለነበር፣ ጩኸቱ ሲቀር ጭማሪውም ቀረ። ሁለት ወር ሙሉ።

ቦታዎቹ በሁለት ረድፍ ናቸው፣ ሠላሳ አንድ በሠላሳ አንድ። በየረድፉ መጨረሻ ሠላሳ አንድ ሜትር መሬት ተረፈ። መሐንዲሱ፣ አለቃዬ፣ ደስ አለው። «መናፈሻ ይሁን» አለ። ያ ጥርስ ሐኪም አሁን ውሻውን የሚያናፍስበት እሱ ሳይሆን አይቀርም። መሬት አይተርፍም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

የአንቺ ሜዳ በዚህ የለበትም። ሆስፒታሉ ከእኛ በፊት ራሱ ያስለካው ነው።

ይኸው ጻፍኩልሽ። ምን እንደምታደርጊበት እንጃ። ለእናትሽ ገና አትንገሪያት።

አጎትሽ


ኅዳር 26 ቀን

ጋሼ፣

ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ይቅርታ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ፊቴን አይታ ቀማችኝ። አንብባ ስትጨርስ «ሜትር አለሽ?» አለችኝ። ከሥራ መልስ ሁለታችን ኮረብታው ሰፈር ሄደን የጥርስ ሐኪሙን ግንብ ከመንገዱ በኩል ለካን። ዘበኛው ወጣ።

«ምንድነው የምትለኩት?»

«ተወራርደን ነው» አለችው እናቴ። «እሷ ሃያ ነው ትላለች፣ እኔ አይሞላም እላለሁ።»

«ስንት ሆነ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እና ውርርዱን በሉ እንጂ!» አላት። ሜትሩንም ስንጠቀልል አገዘን።

«ምን አደርግበታለሁ» ላሉት ልመልስ። የመመሪያውን አንቀጽ አምስት ይስሙ፤ «ከተጠቀሰው መጠን በታች በሆነ ይዞታ ላይ ምንም ዓይነት የግንባታ፣ የማስፋፊያም ሆነ የእድሳት ፈቃድ አይሰጥም።» ይህችን ያስገቡት ለእኛ ሲሉ ነው፤ ጎጆ እንኳ እንዳንቀልስ። አሁን ግን ስልሳ ሁለቱም ባለቤቶች ጣሪያቸው ቢያፈስ ቆርቆሮ መቀየር አይፈቀድላቸውም። ራሳቸው ባስወጡት መመሪያ! መግቢያው ሐሰት ነው፣ አንቀጽ አምስቱ ደግሞ የገዛ ደጋፊዎቹን ይቀጣል። ከዚህ የተሻለ ነገር በዚህ ሥራ ላይ እስካለሁ አላገኝም።

የቀረው ግቢያቸው ገብቶ እስከ ጓሮ መለካት ነው። በራቸውን በፈቃዳቸው አይከፍቱልንም፣ ፍርድ ቤት ማዘዝ አለበት። ፍርድ ቤት ደግሞ የሰው ግቢ ይለካ ብሎ ለማዘዝ በቂ ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱ እርስዎ ነዎት። ቃለ መሐላ ይሰጡልኛል፣ ጥር 21 ቀን ደግሞ ችሎት ቀርበው ይመሰክራሉ። አስገድድዎታለሁ አልልም። ግን ይመጣሉ ብዬ ቀጠሮውን አስይዣለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ካልጠየቅኩዎት የማዘጋጃ ቤቱ ጠበቃ ይጠይቅዎታል። ስህተቱን መቼ አወቁ? አሁን እኔ ስጽፍልዎ ነው ወይስ ቀደም ብሎ?

የእናቴን ቤት ነገር ጠይቀውኝ ነበር። ደህና ናት። እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ለሥራዋ ቀርባለች።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 5 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ቀደም ብዬ ነው ያወቅኩት።

በዓመቱ አዲስ ሜትር መጣ። ለመሞከር ብዬ ኮረብታው ሰፈር ሄድኩና የአንዱን ቦታ ፊት ለካሁ። ሁለት ጊዜ ለካሁ። ቀጥሎ ያለውንም ለካሁ። ከዚያ መሐንዲሱ ቢሮ ገባሁ።

«ስንቱ ሰው ቦታውን በግንብ አጥሮ ጨርሷል?» አለኝ።

«አርባው።»

«እንግዲያው ሜትሩን አስቀምጥና ሻይህን ጠጣ።»

ጠጣሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው ማለት ነው፣ አንድ ዓመት ሲቀነስ። መሐንዲሱ ሞቷል፣ በሞተ ሰው አላሳብብም። ሻዩን የጠጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ «አንድ ሚሊ ብትስቱ ሰው ግድግዳ ይናድበታል» እያልኩ አስተምሬአለሁ። የበለጠ የጮኽኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቃለ መሐላውን አርቅቀሽ ላኪልኝ። «አውቅ ነበር» የሚለውን እንዳታለሳልሺው። «በወቅቱ በነበረው ሁኔታ» ምናምን የሚል ካገኘሁበት እሰርዘዋለሁ።

እመጣለሁ። የግራ ጆሮዬ ጨርሶ አይሰማም፣ ጠያቂዎቹ በቀኜ ይቁሙ።

እናትሽ ለሥራዋ እንዴት ቀረበች? ሆስፒታሉ አጠገብ የሚከራይ ቤት እንደሌለ እኔም አውቃለሁ።

አጎትሽ


ጥር 28 ቀን

ጋሼ፣

በደህና በመግባትዎ ደስ ብሎናል። ሁለት ነገር ጠይቀዋል፤ ሁለቱንም እመልሳለሁ።

መጀመሪያ የሥራ ልብሱ። ቢሮዬ በር ጀርባ ተሰቅሎ ያዩት ሰማያዊ የሥራ ልብስ የእናቴ ነው። ከመዝገብ መደርደሪያው ኋላ ያለውን ታጣፊ አልጋ ካላዩ እሱም የእሷ ነው። የተከራየችውን ቤት ያፈረሱት እኔ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፌ ከአሥር ቀን በፊት ነው። እኔ ያለሁባት ክፍል ሁለተኛ አልጋ አታስገባም፣ ቢሮዬ ደግሞ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ነው፤ ስለዚህ «ለሥራዋ ቀርባለች» ያልኩት ውሸት አልነበረም። እንዳልነግርዎ ያስማለችኝ እሷ ናት። «ከሰማ ለእኔ ብሎ ይመጣል። ለእኔ ብሎ ከመጣ ወንድም ነው እንጂ ምስክር አይደለም» አለች። ጠበቃ መሆን የነበረባት እሷ ነበረች። ስለ ደበቅኩዎ ይቅር ይበሉኝ።

ሁለተኛ፣ በችሎት ሰው ለምን እንደሳቀ። የማዘጋጃ ቤቱ ጠበቃ ሆን ብሎ በግራዎ ቆሞ ነበር። የተባባሉትን ልጻፍልዎ።

«ቅጽል ስምዎ ሚሊሜትር ነው ይባላል። እውነት ነው?» አለ። እርስዎ «ተማሪዎቼ ናቸው» አሉ። «አንድ ሜትር የሚያህል ስህተት የሚሠራ ሚሊሜትር እንዴት ያለ ነው?» አለ። ይሄኔ ሳቁ። እርስዎ አልሰሙትም፤ ዝግ ብለው «አዎ፣ ልክ ነው» አሉ። ይሄኔ ባሰባቸው። ዳኛዋ እንኳ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ጠበቃው ግን አልሳቀም፤ ሰው የሚስቀው ከእርስዎ ጋር እንጂ በእርስዎ ላይ እንዳልሆነ ገብቶታል።

ከዚያ በቀኝዎ እንዲቆም ዳኛዋ አዘዘችው። የቀጠለውን ሰምተዋል። ቢሆንም እናቴ በየቀኑ ለልብስ ማጠቢያው ስለምትተርከው የችሎቱ ጸሐፊ የመዘገበውን ቃል በቃል ልላክልዎ፤

«የመጡት እህትዎ ከከሳሾቹ አንዷ ስለሆነች ነው።»

«እህቴ ባትኖርበት አልመጣም ነበር፣ እውነት ነው። መሬቱ ግን እሷ ኖረችበት አልኖረችበት አሥራ ዘጠኝ ነው።»

«ሃያ ሰባት ዓመት እያወቁ ደብቀዋል። ፍርድ ቤቱ ዛሬ ለምን ያምንዎታል?»

«አይመነኝ። ሜትር ይዞ ይሂድና ይለካ።»

ጋሼ፣ አራት ወር ያዘጋጀሁት የመጨረሻ ንግግር ነበረኝ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በችሎቱ ትእዛዝ ሦስት ለኪዎች ተመድበው ትናንት ጨርሰዋል። ስልሳ ሁለቱም፣ አንድም ሳይቀር፣ አሥራ ዘጠኝ በሃያ አራት። ዛሬ ጠዋት የጥርስ ሐኪሙ ቢሮዬ መጣ። ግቢው ውስጥ ለልጁ ቤት ሊሠራ የፈቃድ ጥያቄ አስገብቶ ነበር አሉ። «ልጄ፣ ይህ መመሪያ ትንሽ የተቸኮለበት ይመስለኛል» አለኝ። «እኔም ከመጀመሪያው እንዲያ መስሎኝ ነበር» አልኩት። ባለቤቶቹ ከክርክሩ ወጥተዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን ቀርቷል።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 10 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

«ምን አደረጉህ?» ብላችሁ እናትና ልጅ በአንድ ፖስታ ሁለት ደብዳቤ ልካችኋል። አንድ ይበቃ ነበር።

የቀያሾች ማኅበር ፈቃዴን ለሁለት ዓመት አግዷል። ቃለ መሐላውን እንደፈረምኩ ራሴ ጻፍኩላቸው፣ እነሱም ገና ችሎት ሳልመጣ መለሱልኝ። ያኔ አልነገርኳችሁም። በዚህ ቤት ደባቂው እናትሽ ብቻ አይደለችም። ውሳኔው ትክክል ነው። እኔ ብሆን ሦስት ዓመት እሰጥ ነበር።

ማስተማሩን አልከለከሉኝም። የሜዳ ልምምዱን ሌላ መምህር ይወስደዋል፣ እኔ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። ሰኞ ዕለት ነገሩን ከነጯሂው፣ ከነሻዩ ነገርኳቸው።  ከዚያ አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ እኛ ብንሆን ስንት ይቀንሱብን ነበር?»

«ሙሉውን» አልኳት።

«እንኳን እርስዎ ሆኑ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። ይህን ሳቅ ሰምቼዋለሁ፣ በቀኜ ነበረች።

ስለ አልጋው ነገር እናትሽን አኩርፌያታለሁ። እኔ ጋ ሁለት ክፍል ባዶ አለ። ሥራዋን ትታ እንደማትመጣ አውቃለሁ፣ ግን መጠየቅ ነበረብኝ፣ ለመጠየቅ ደግሞ ማወቅ ነበረብኝ። እስከ ፋሲካ ድረስ አኩርፌ እቆያለሁ በያት።

ቀኑን አትርሺ። መጋቢት 30 ሩቅ አይደለም። ውሳኔው ቢዘገይ ምን ታደርጊያለሽ?

አጎትሽ


መጋቢት 19 ቀን

ጋሼ፣

አልዘገየም። መጋቢት 11 ቀን ተነበበ። መመሪያው ተሽሯል። ዳኛዋ ሁለቱንም ክርክሮች ተቀብላለች፤ መግቢያው ያልነበረ ነገርን እንደነበረ አድርጎ የተነሣ ነው፣ ከዚያም ላይ ከተማዋ ለሠራተኞች መኖሪያ ለማመቻቸት የገባችውን ግዴታ ይጥሳል ብላለች። ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃዱን በአምስት ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ታዘዘ። በአራተኛው ቀን ሰጠ። ፈቃድ ሰጪው ጸሐፊ ማኅተሙን ሲመታ «ለእኔም ቦታ ካለ ንገሪኝ» አለኝ በጆሮዬ።

ቁፋሮ ተጀምሯል። ማሽኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ የማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች ግን ከአንድ ሰዓት ጀምረው በአካፋ ገብተውበታል፣ ከነሽርጣቸው። ግንበኛው «ምነው እናቶቼ፣ ለማሽኑ ከፍላችሁ!» ቢላቸው እናቴ «ማሽኑ የራሱን ይቆፍር» አለችው። በቃ፣ ግንባታ ተጀምሯል፤ የጅማሮውን ማስረጃ መዝገብ ውስጥ አስገብቻለሁ። ከእንግዲህ መጋቢት 30 እንደማንኛውም ቀን ነው።

ፎቅ በዕጣ ደርሷቸዋል። ለእናቴ ሦስተኛ ፎቅ ወጣላት፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት። ገና ጉድጓድ ነው፤ እሷ ግን ለጎረቤቷ «ከላይ ውሃ እንዳታፈሺብኝ» ብላ አስጠንቅቃለች።

ማዘጋጃ ቤቱ ይግባኝ ብሏል። ይግባኙ ግንባታውን አያግድም፣ እግድ ጠይቀው ተከልክለዋል። ሁለት ወር ውስጥ ይሰማል። አሸንፋለሁ። ይህን ስል እየፎከርኩ አይደለም፤ መዝገቡን ደጋግሜ አንብቤ የሚመዘዝ ክር አጥቼበት ነው።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ። ከሃያ አራቱ አንዷ፣ በካውያ ክፍል የምትሠራዋ፣ ልጇ ጋ ሌላ አገር ልትኖር ሄደች። ድርሻዋ ክፍት ነው። ተራ የምትጠብቅ አንዲት የቀዶ ሕክምና ክፍል ጽዳት ሠራተኛ አለች፤ ግን ትናንት ስብሰባ ላይ ከአባላቱ አንዷ ተነሥታ «ይሄ ቤት ለሚሊሜትር ይሰጥ» አለች። ሃያ ሦስቱም እጃቸውን አወጡ። እናቴ ሁለቱን። አንደኛ ፎቅ ነው፣ ጉልበትዎን አያስቸግርም። በነጻ ነው፣ እነሱ ተከፋፍለው ይሸፍኑታል። ጡረታ ሲወጡ እኛ ጋ ይሆናሉ። ይስማማሉ?

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 27 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ይስማማሉ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አልስማማም።

ይህን ስትጽፊ ጠበቃ ነበርሽ ወይስ የእናትሽ ልጅ? ይግባኝ ላይ ነሽ። የሚመዘዝ ክር አጥቼበታለሁ ትያለሽ፤ እዚያው ደብዳቤ ላይ፣ አንድ አንቀጽ ዝቅ ብለሽ፣ ክሩን በእጅሽ ታወጪላቸዋለሽ። ምስክሩ ቤት ተሰጠው! ያ ጠበቃ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? በቀኜም በግራዬም ቆሞ የፈለገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ በግልጽ እጽፋለሁ። በሰጠሁት ምስክርነት የተነሣ ከማኅበሩ ቤት፣ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም አልተቀበልኩም፤ መጋቢት 19 ቀን የቀረበልኝን አንደኛ ፎቅ ያለ ቤት አልቀበልም ብያለሁ፤ ወደፊትም አልቀበልም። ቤቱ ተራ ለምትጠብቀው ለጽዳት ሠራተኛዋ ይሰጥ ዘንድ ማኅበሩን እጠይቃለሁ።

ደብዳቤሽን አልቀደድኩም። አንቺም የእኔን አትቅደጂ። ሁለቱንም አያይዘሽ ለይግባኝ ሰሚው ችሎት አቅርቢ። ሳይጠይቁሽ፣ አስቀድመሽ። አንድ ጊዜ እስኪጠየቅ የጠበቀ ሰው አይተሻል፤ ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀበት።

ታሸንፊያለሽ። እኔም መዝገቡን አንብቤዋለሁ።

አጎትሽ፣ የቀድሞው የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ
(ፊርማ)


(በሌላ ወረቀት፣ በዚያው ፖስታ)

ይሄኛው ለችሎት አይቀርብም።

ለሴቶቹ «ሃያ ሦስት እጅ አይቼ አላውቅም፣ ያውም ለእኔ» በያቸው። ለእናትሽ፣ ኩርፊያው አልቋል በያት። ሁለት እጅ ማውጣት እንደማይፈቀድም ንገሪያት።

ቤቱ ሲያልቅ እመጣለሁ። እሷ ጋ ነው የማርፈው። ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ስለምንጣላ በአራተኛው ጠዋት እሄዳለሁ። ታጣፊውን አልጋ ከቢሮሽ አውጥታ ታምጣልኝ፣ ሌላ አልጋ አያስፈልግም። ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን አይቻለሁ። ጉልበቴ አይወደውም።

እወጣዋለሁ።